ወረፋ ወይስ ዕጣ፦ በምዕራብ አሜሪካ የአደን ፈቃድ የት ይጠየቃል?

በአሜሪካ የዱር እንስሳ የባለመሬቱ ሀብት አይደለም። ኤልክ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ በአንድ ገበሬ ማሳ መካከል ቆሞ ቢግጥ እንኳ ስለ መታደኑ የሚወስነው የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው። በሮኪ ተራሮችና በዙሪያቸው ባሉት ደረቅ ሜዳዎች ኤልክ፣ ሚዩል ዲር የተባለውን ባለ ትልልቅ ጆሮ አጋዘን ወይም ፕሮንግሆርን የተባለውን ሚዳቋ መሰል እንስሳ ማደን የሚፈልግ ሰውም ለመላ አገሪቱ የሚሠራ አንድ ፈቃድ አያገኝም፤ ለየግዛቱ ለየብቻ ያመለክታል። ታግ የሚባለው ይህ ፈቃድ የእንስሳውን ዓይነት፣ ብዙ ጊዜም ጾታውን፣ የአደኑን ቀጠና፣ የመሣሪያውን ዓይነትና ቀኖቹን ለይቶ ይወስናል። በተመረጡት ቀጠናዎች ፈላጊው ከታጉ እጅግ ስለሚበዛ ክፍፍሉ በዕጣ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚታየው አመልካቹ የግዛቱ ነዋሪ መሆን አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የሞንታና ነዋሪ ለኤልክ 9 ዶላር ሲከፍል፣ ከሌላ ግዛት የመጣው አዳኝ የሌሎች እንስሳትንም ፈቃድ አጣምሮ በ225 ዶላር መግዛት ነበረበት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ግዛቷ ረታች። ልዩነቱ ዛሬም አልጠበበም። አሪዞና ለሌላ ግዛት ሰው ከታጎቿ ከ10 በመቶ በላይ አትሰጥም። ኒው ሜክሲኮ 84 በመቶውን ለነዋሪዎቿ ትይዛለች፤ 10 በመቶው በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ለሚመጡ፣ የቀረው 6 በመቶ ብቻ ያለ መሪ ለሚያድኑ የሌላ ግዛት ሰዎች ነው። በኮሎራዶ ከተሞች በዴንቨርና በኦሮራ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህ ቁም ነገር ያለው ወሬ ነው። በኮሎራዶ ስድስት ተከታታይ ወር የኖረና የነዋሪነት መስፈርቱን ያሟላ ሰው ለኤልክ ታግ የሚከፍለው ከሌላ ግዛት የሚመጣው ከሚከፍለው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የሌላውን ግዛት ዕጣ ከመመኘት በፊት የራስን ደጅ ማየት ይበልጣል።

ቀጥሎ ግዛቶቹን የሚለያያቸው የዕጣው አሠራር ነው፤ ምርጫው የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ኮሎራዶ ለረጅም ዘመን የኖረችው በወረፋ ነው። አመልክቶ ያልደረሰው ሰው ለከርሞ አንድ ነጥብ ይይዛል፤ ታግ የሚታደለውም ከፍተኛ ነጥብ ካላቸው ጀምሮ ወደ ታች ነው። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። አንድ ቀጠና በዓመት 10 ታግ ቢሰጥና ከወረፋው ጫፍ 100 ሰዎች ቢኖሩ፣ የመጨረሻው ሰው ተራው የሚደርሰው በ10ኛው ዓመት ነው። ከነሱ በአንድ ነጥብ የሚያንሱት ደግሞ በየዓመቱ የየራሳቸውን ነጥብ እየጨመሩ ይከተላሉ። ስለዚህ ዘንድሮ 15 ነጥብ የበቃው ቀጠና ከጥቂት ዓመት በኋላ 18 ይጠይቃል። በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ቀጠና 201ን የመሳሰሉ ስመ ጥር ቦታዎች ለወንድ ኤልክ ከ20 በላይ ነጥብ ይፈልጋሉ። በ40 ዓመቱ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው እንዲህ ያለውን ቀጠና ማለም ጉልበቱ ከደከመ በኋላ ተራራ ለመውጣት መቀጣጠር ነው።

ኔቫዳ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። ነጥቡ በራሱ ተባዝቶ አንድ ይጨመርበታል፤ 10 ነጥብ ያለው 101 ጊዜ፣ ምንም የሌለው አንድ ጊዜ ስሙ ዕጣው ውስጥ ይገባል። ማንም እርግጠኛ አይደለም፣ ማንም ደግሞ ጨርሶ አይዘጋበትም። አሪዞና 20 በመቶውን ታግ ብዙ ነጥብ ላላቸው ለይታ የቀረውን በዕጣ ታወጣለች፤ ዩታ ደግሞ ውስን ታግ ባላቸው ቀጠናዎች ግማሽ በግማሽ ትከፍላለች። ዋዮሚንግ ለሌላ ግዛት ሰዎች ከመደበችው የኤልክ፣ የአጋዘንና የፕሮንግሆርን ታግ 75 በመቶውን ለባለ ብዙ ነጥቦች፣ 25 በመቶውን ለማንኛውም አመልካች ትሰጣለች። ከፍ ያለ ዋጋ ለሚከፍሉም ለብቻው የተያዘ ድርሻ አላት።

ኒው ሜክሲኮ ነጥብ የሚባል ነገር የላትም። ሃያ ዓመት ያመለከተውና ዘንድሮ የጀመረው እኩል ናቸው፤ በትልልቅ ኤልኮቹ የታወቀው የጊላ ደን ሳይቀር በመጀመሪያው ማመልከቻ ሊደርስ ይችላል። ስድስት በመቶው ጠባብ በር ነው፤ ቢሆንም ነጥብ ለሌለው ሰው ከረጅም ወረፋ ጭራ ይሻላል። አይዳሆም የአጋዘንና የኤልክ ዕጣዋን ያለ ነጥብ ስታካሂድ ኖራለች፤ ሙስ ለተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ፣ ለተራራ በግ ወይም ለተራራ ፍየል ያመለከተ ሰው ግን በዚያው ዓመት የአጋዘንና የኤልክ ዕጣ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። ይህ ደንብ ብዙውን አመልካች ስለሚያስመርጥ የሁሉም ዕድል በመጠኑ ይሰፋል።

ታግ ማግኘት ብቻውን ግን አያሳድንም፤ የሚረገጥ መሬት ያስፈልጋል። ከኔቫዳ መሬት 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ አዳኝ እንደ ልቡ ይዘዋወራል። በዋዮሚንግ ግማሽ ያህሉ ነው። በደቡባዊው ክፍል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለባቡር ኩባንያ በተሰጠ መሬት ምክንያት የግልና የመንግሥት ይዞታ እንደ ዳማ ገበታ ተፈራርቆ ይገኛል። የግሉን መሬት ሳይረግጡ ከአንዱ የመንግሥት መሬት ማዕዘን ወደ ሌላው መሻገር ሲያከራክር ኖሮ በ2025 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለአዳኞቹ ፈርዷል። በዚያችው ግዛት ዊልደርነስ ተብለው በተከለሉ የፌዴራል ደኖች የሌላ ግዛት ሰው ያለ መሪ ትልልቅ እንስሳ ማደን አይፈቀድለትም። ይህን ሳያውቅ ታጉን የያዘ ሰው ካርታውን ሲዘረጋ ያሰበው ተራራ ዝግ ሆኖ ያገኘዋል።

ወጪውም ከታጉ ዋጋ ይሰፋል። አሪዞና ለማመልከት ብቻ ከታጉ የተለየ የአደን ፈቃድ ታስገዛለች፤ ዕጣው ባይወጣም ገንዘቡ አይመለስም። ኒው ሜክሲኮ የታጉን ሙሉ ዋጋ አስቀድማ ትቀበልና ላልደረሳቸው ትመልሳለች። ቀነ ገደቦቹም የተበታተኑ ናቸው፦ የዋዮሚንግና የአሪዞና ኤልክ በየካቲት መግቢያ አካባቢ፣ ኒው ሜክሲኮ በመጋቢት፣ ሞንታናና ኮሎራዶ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ኔቫዳ በግንቦት ወር ይዘጋሉ፤ ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በስምንት ግዛት ማመልከት ገንዘብን መበተን ነው። የሚያዋጣው አንድ የነጥብ ግዛት ይዞ መቆየት፣ በየዓመቱ ኒው ሜክሲኮን ወይም አይዳሆን መሞከርና በዚያው ዓመት በእርግጥ የሚታደንበትን ቦታ መያዝ ነው።

ለዚህ የመጨረሻው ሐሳብ ኮሎራዶ ተመልሳ ትመጣለች። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያላት እሷ ናት፤ በአንዳንድ የጠመንጃ ወቅቶችም ያለ ዕጣ ታግ ትሸጣለች። ከ2025 ጀምሮ ግን በምዕራባዊው ክፍሏ ለሌላ ግዛት ቀስተኞች የነበረውን ቀጥታ ሽያጭ ወደ ዕጣ አዙራዋለች። ዋዮሚንግም የ2022–23 ክረምት ብዙ አጋዘንና ፕሮንግሆርን ከፈጀ በኋላ የታጎቿን ቁጥር ቀንሳለች። ስለዚህ የአምናው ደንብ ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም፤ የየግዛቱን የአደን መመሪያ ከማመልከት በፊት በየዓመቱ ማንበብ ግድ ነው። ቀንድ ሳይሆን ሥጋ ለሚፈልግ ደግሞ የሴት ኤልክ ታግ ከወንዱ በቀላሉ ይገኛል፤ በኮሎራዶ በዕጣ ያላለቀውም በነሐሴ ለሽያጭ ይቀርባል።