ለሽቦው የቆመ ዘበኛ

የመኪናው ቴፕ ዝም ሲል ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ፣ የውስጡን ብርማ ወረቀት በተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠምጥሞ መልሶ የሚሰካ ሹፌር አይታችሁ ይሆናል። ሙዚቃው ወዲያው ይመለሳል። ከኋላ የተቀመጠውም «እጅህ ይባረክ!» ይላል። እኔ እዚህ ላይ «ወራጅ አለ» ብል ይሻለኛል። ፊውዙ የተቃጠለው ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ሹፌሩ ዘበኛውን አባርሮ በቦታው የማሽላ ማሳ ማስፈራሪያ ነው ያቆመው።

ጉዳዩ የሚከብደው መኪናው ውስጥ ትልቅ አምፕሊፋየርና ሰብዉፈር ሲገባ ነው። ምክንያቱ የቮልቱ ማነስ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፣ 3,500 ዋት ገደማ የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከግድግዳው የሚስበው 16 አምፔር ያህል ብቻ ነው። መኪና ግን ሞተሩ እየሠራም ቢሆን የሚሰጠው 14 ቮልት አካባቢ ነው። ለስፒከሮቹ 1,000 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር፣ ክላስ ዲ የሚባለው ቆጣቢው ዓይነት ቢሆን እንኳ ከገባለት ኃይል አምስት እጁን ወስዶ አራቱን ይመልሳል እንበል፤ ስለዚህ 1,250 ዋት ይፈልጋል። ይህን ለ13.8 ቮልት ብናካፍለው 90 አምፔር ይመጣል። እንጀራ ከሚጋግረው ምጣድ ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! የድሮው ክላስ ኤቢ ከሆነማ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚቀር ወደ 145 ይጠጋል። ሽቦን የሚያግለው ደግሞ አምፔሩ ነው።

እርግጥ ዘፈን እንደ ምጣድ ያለማቋረጥ አይስብም፤ ከበሮው ሲመታ ይጎትታል፣ ዘፋኙ ብቻውን ሲቀር ይረግባል። ሽቦና ፊውዝ የሚመረጡት ግን በከበሮው ነው።

ከሁሉ በፊት ካርቶኑን አትመኑ። «3,000 ዋት» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የታተመበት ዕቃ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። እውነቱን የሚናገረው ከአምፕሊፋየሩ ጎን የተሰካው ፊውዝ ነው። ሁለት ባለ 25 አምፔር ፊውዝ ካለው ድምሩ 50 ነው። 50 በ13.8 ሲባዛ 690 ዋት ይሆናል፤ ይህም የሚገባለት ነው። ከዚያ ውስጥ ለስፒከሮቹ የሚደርሰው ቢበዛ 550 ገደማ ነው። የቀረው 2,450 ዋት ያለው ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው። ሻጩ ፊት ቆሞ በስልክ ካልኩሌተር ይህን ማስላት ዋጋ ለመከራከርም ይረዳል።

አምፔሩ ከታወቀ ቀጣዩ ሽቦው ነው። የመኪና ድምፅ ሽቦ የሚጠራው በጌጅ ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። በሦስት ቁጥር በወረደ ቁጥር የመዳቡ ስፋት እጥፍ ያህል ይሆናል። 8 ጌጅ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 4 ጌጅ 21፣ 0 ጌጅ ደግሞ 53 ገደማ ነው። ባትሪው ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቢሆንና በመካከላቸው 5 ሜትር ሽቦ ቢዘረጋ፣ 90 አምፔር በ8 ጌጅ ሲያልፍ መንገድ ላይ አንድ ቮልት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይጠፋል፤ ሽቦው ራሱም ከ80 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። ከድሮው ባለ 60 አምፖል የባሰ ነገር ምንጣፍ ሥር ተቀብሮ ማለት ነው። በ4 ጌጅ ቢሆን ሙቀቱ ወደ 33 ዋት ይወርዳል። ለባለ 1,000 ዋቱ የምመርጠው 4 ጌጅ ነው፤ ከዚያ የቀጠነ አላስገባም።

ታዲያ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሽቦ ስትገዙ ውፍረቱ እንዳያታልላችሁ። ላስቲኩ ወፍሮ የውስጡ መዳብ የሰለለ አለ። ከዚያ የሚብሰው፣ ከላይ መዳብ ለብሶ ውስጡ አልሙኒየም የሆነው ነው። ከጫፉ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉ፤ ነጭ ከሆነች አልሙኒየም ናት። ኮረንቲ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ፣ 4 ጌጅ በሚበቃበት ቦታ 2 ጌጅ ይጠይቃል። ርካሽነቱ እዚያው ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ ዘበኛው። በዋናው ሽቦ ላይ የሚቀመጠው ፊውዝ የአምፕሊፋየሩ ጠባቂ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አምፕሊፋየሩ የራሱ ፊውዝ አለው፤ ዋናው ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ በቆርቆሮ ቀዳዳ ያልፋል። መኪናው በኮረኮንች በተንቀጠቀጠ ቁጥር ላስቲኩ ይፋቃል፤ አንድ ቀን መዳቡ ቆርቆሮውን ይነካና ኮንታክት ይፈጠራል። የመኪና ባትሪ በዚህ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያፈሳል፤ እንደ ቤት ቆጣሪ የሚያቋርጠው የለም። ለዚህ ነው ቀዳዳው የጎማ ቀለበት፣ ሽቦው ደግሞ ከባትሪው ጫፍ 45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ የሚያስፈልገው። ዘበኛ የሚቆመው በር ላይ ነው። ፊውዙን አምፕሊፋየሩ አጠገብ ያሰረ ሰው ዘበኛውን መኝታ ቤት አስተኝቷል፤ በሩና መኝታ ቤቱ መካከል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም።

መጠኑስ? አምፕሊፋየሩ ከሚስበው እንዳያንስ፣ ሽቦው ከሚችለው እንዳይበልጥ። ለንጹሕ መዳብ በተለምዶ የሚሰጠው ጣሪያ ለ8 ጌጅ 50፣ ለ4 ጌጅ 125፣ ለ0 ጌጅ 250 አምፔር አካባቢ ነው። የኛው ባለ 90 አምፔር በ4 ጌጅ ላይ ስለሆነ ባለ 100 ፊውዝ ልኩ ነው። አንዱ ወፍራም ሽቦ ኋላ ላይ ለሁለት ቀጫጭን ከተከፈለም እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱን ፊውዝ ይፈልጋል፤ ይህን የሚረሳ ባለሙያ ጥቂት አይደለም።

ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር የሆኑት ባለ ሁለት ጥርስ ፕላስቲክ ፊውዞች ለዋናው ሽቦ አይበቁም። ለእሱ የሚሆነው በሁለት ብሎን የሚታሰረው ሰፊው ኤኤንኤል ነው። ፊውዝ ቁጥሩ ላይ ሲደረስ ወዲያው እንደማይበጠስም ማወቅ ደግ ነው፤ ተራው ባለ ጥርስ ፊውዝ ከቁጥሩ በ35 በመቶ ቢያልፍ እስከ አሥር ደቂቃ ሊታገሥ ይችላል። «ለማንኛውም» ብሎ ከፍ ያለ ቁጥር መሰካት ይህን ትዕግሥት በሽቦው ወጪ ማራዘም ነው።

ኮረንቲ የሄደበትን ያህል ይመለሳል፤ ስለዚህ ወደ ቦዲው የሚታሰረው የማሳ ሽቦም እኩል ውፍረት ይኑረው፤ አጭርም ይሁን። ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ መጽዳት አለበት። ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ሞተሩ ሲጦዝ አብሮ የሚጮህ «ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ስፒከሩ ውስጥ ያስገባል፤ ሰውም ስፒከሩን ይቀይራል።

የጭነት መኪና ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ በሁለት ባትሪ 24 ቮልት ናቸው። ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ጠልፎ ለቴፕ መስጠት የተለመደ ነው፤ ያ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መለወጫ መግዛት ከሁለት ባትሪ ይረክሳል።

ፊውዙ ሁሉም ነገር ታስሮ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ይገባል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጮክ አድርጋችሁ አጫውቱና ኮፈኑን ከፍታችሁ የፊውዙን ቤት በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ያለ እንደሆነ ደህና ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ብሎን ነውና መጀመሪያ እሱን አጥብቁ።