ሬዚን ከዚርኮኒያ ጋር እንዴት ይጣበቃል?

ከዚርኮኒያ የተሠራ የጥርስ ክራውን እንደ ጥርስ የነጣ፣ ለመሰበርም የሚያስቸግር ነው። በላዩ የተለበጠው ፖርሴሊን ግን አንዳንድ ጊዜ ይሸረፋል። ያን ጊዜ ክራውኑን ቆርጦ በማውጣት ሌላ ማሠራት ይሻላል ወይስ የተሸረፈውን በኮምፖዚት ሬዚን መጠገን? ጥገናው ወጪ ይቀንሳል፤ ከሥር ያለውንም ጥርስ ከተጨማሪ ጉዳት ያድናል። ችግሩ ሬዚን ዚርኮኒያን በቀላሉ አለመያዙ ነው።

በአፍንጮ በርና በሌሎች የቆዩ የአራዳ መንደሮች የጭቃ ቤት ያሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምርጊቱ ሸካራ ካልሆነ ልስኑ አይይዝም። የጥርስ ሐኪሙም በፖርሴሊን ላይ የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ፖርሴሊን በውስጡ ብርጭቆ ስላለው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከፊሉን አሟሙቶ ጥቃቅን ጉድጓዶችን ይፈጥራል። ከዚያም ሲሌን የተባለው ውሕድ በአንድ ወገን ከሲሊካው፣ በሌላው ወገን ከሬዚኑ ጋር ይተሳሰራል። ዚርኮኒያ ግን ብርጭቆ የለውም። የተጠጋጉ ክሪስታሎች ብቻ ስለሆነ አሲዱ እንደ ፖርሴሊኑ አያሸክረውም፤ ሲሌኑም የሚይዘው ሲሊካ አያገኝም።

ይህ ማዕድን በጥርስ ሕክምና የተፈለገው በጥንካሬው ነው። በግምት 3 ሞል በመቶ ኢትሪያ ሲጨመርበት ቴትራጎናል የተባለውን የክሪስታል ቅርጽ በክፍል ሙቀትም ይዞ ይቆያል። ስንጥቅ ሲመጣበት በስንጥቁ ጫፍ ያሉት ክሪስታሎች ወደ ሞኖክሊኒክ ቅርጽ ይለወጣሉ፤ ይዘታቸውም ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ስንጥቁን ጨምቀው ይገቱታል። ጋርቪና ባልደረቦቹ ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1975 ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲያስተዋውቁ ዚርኮኒያን ከብረት ጋር አነጻጽረውታል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በመጀመሪያ 50 ማይክሮሜትር ያህል ስፋት ያላቸው የአሉሚና ቅንጣቶች በታመቀ አየር ተረጭተው ፊቱን ያሸክሩታል። ግፊቱ መጠነኛ መሆን አለበት፤ ሲበዛ ጥቃቅን ስንጥቆችን ያስከትላል። ቀጥሎ ኤም.ዲ.ፒ. የተባለ ሞለኪውል ያለው ፕራይመር ይቀባል። ይህ ሞለኪውል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን የተገኘ ነው። በአንድ ጫፉ ያለው ፎስፌት ከዚርኮኒያ ኦክሳይድ ጋር ሲተሳሰር፣ ሌላው ጫፍ ሬዚኑ በብርሃን ሲጠነክር ከእርሱ ጋር ይዋሐዳል፤ በመካከላቸው 10 ካርቦን ያለው ሰንሰለት አለ። ሌላው አማራጭ ሲሊካ የተለበጡ ቅንጣቶችን በመርጨት በዚርኮኒያው ላይ ሲሊካ ማሳረፍና ሲሌን መቀባት ነው።

ንጽሕና እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። በምራቅ ውስጥ ያሉ ፎስፌቶች ለኤም.ዲ.ፒ. የተዘጋጀውን ቦታ ቀድመው ይይዙበታል። ለጥርስ ማጽጃ የሚሆነው ፎስፎሪክ አሲድም በዚርኮኒያ ላይ ቢቀባ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ጥርሱን በጎማ ሽፋን ከምራቅ ይለያል። ሽፋኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሽራፊው ጠርዝ ለቀረው ፖርሴሊን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከተጠቀመ፣ አሲዱ ሥጋን ክፉኛ ስለሚጎዳ ድድን ይከልላል።

ጥገናው በዕለቱ ጠንካራ መስሎ ቢታይ በቂ አይደለም። ውኃ ቀስ በቀስ ትስስሩን ይፈታዋል፤ ትኩስ ቡናና ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈራረቁም ሬዚኑና ዚርኮኒያው እኩል ስለማይለጠጡ በመካከላቸው ውጥረት ይፈጠራል። ተመራማሪዎች ናሙናዎችን በ5 እና በ55 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ውስጥ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ እያፈራረቁ የሚፈትኑት ለዚህ ነው። በማሸከር ብቻ የተያዘ ሬዚን በእንዲህ ያለው ፈተና ብዙ ጊዜ ይላቀቃል፤ ማሸከሩና ኬሚካላዊው ድልድይ ሲጣመሩ ግን የተሻለ ይጸናል።

የተሰነጠቀው ዚርኮኒያው ራሱ ከሆነ ክራውኑን መለወጥ ይገባል። የተሸረፈው ፖርሴሊኑ ብቻ ከሆነ ግን ከማስቆረጥዎ በፊት ጥገና ይቻል እንደሆነና ፊቱ በምን እንደሚዘጋጅ ሐኪምዎን ይጠይቁ።