የቱሬት ሕመም፦ ጂን ነው ወይስ ዘረመል?



ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ መካከል ዓይኑን ደጋግሞ የሚያርገበግብ፣ አንገቱን በድንገት ወደ ጎን የሚወረውርና በየመሐሉ «ኽም፣ ኽም» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ልጅ ነበር። ትምህርቱን ጎበዝ ነው። ይሁን እንጂ ክፍሉ ጸጥ ባለ ቁጥር ድምፁ ይብስበታል። እኔም የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ፤ አንድ ቀንም በጓደኞቹ ፊት አንበርክኬዋለሁ። ከሰዓት በኋላ በሚቀራበት መድረሳም ኡስታዙ «በቂርአት ላይ ይቀልዳል» ብለው ቀጥተውታል። በኋላ እናቱ መጥታ «ወንድሜ፣ ልተወው ቢልም አልቻለም እኮ፤ ቤትም እንዲሁ ነው» አለችኝ። ጎረቤቶቿ ከፊሎቹ ጂን ነው፣ ከፊሎቹ ዓይን ነው፣ የቀሩት ደግሞ ቅብጠት ነው እንዳሏት ነገረችኝ።

ያንን ልጅ ሐኪም ስላላየው ሕመሙ ይህ ነበር ብዬ መመስከር አልችልም። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ስለ ቱሬት ሕመም ሳነብ ያየኋቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ ተጽፈው አገኘኋቸው። ይህንን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የገፋፋኝም ይኸው ነው።

ቱሬት ምንድን ነው?

ቱሬት የነርቭ ሥርዓት ሕመም ነው። ዋናው ምልክቱ «ቲክ» ይባላል፤ ይኸውም ባለቤቱ ሳያስበው በድንገት የሚመጣና የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ዓይን ማርገብገብ፣ ፊት መጨማደድ፣ ትከሻ መስበቅና አንገት መወርወር ከእንቅስቃሴዎቹ ይቆጠራሉ። ጉሮሮ መጥረግ፣ አፍንጫ መሳብና ቃል መደጋገም ደግሞ ከድምፆቹ ናቸው። ሐኪሞች «ቱሬት ነው» የሚሉት ከአንድ በላይ የእንቅስቃሴ ቲክና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ሲታይ፣ ምልክቱ ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ሲጀምርና ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆይ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ10 እስከ 12 ባለው ይበረታል፤ በብዙዎቹ ላይ ወደ ጉርምስና ማብቂያ እየቀነሰ ይሄዳል። ወንዶች ልጆችን ከሴቶች ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያጠቃል። ያለፈቃድ ስድብ መናገር የቱሬት መለያ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህ ግን የሚታየው ከ10 ሕሙማን በ1 ወይም በ2 ላይ ብቻ ነው።

ሰውን በጣም የሚያሳስተው ሕመምተኛው ቲኩን ለጥቂት ጊዜ ማፈን መቻሉ ነው። «ሲፈልግ ይተወዋል» ያሰኛል። ነገሩ ግን ማስነጠስ ሲመጣ አፍንጫን እንደሚበላን ያለ ነው። ለአፍታ ይያዛል፤ መውጣቱ ግን አይቀርም።

ጥፋቱ የማን ነው ተባለ?

(ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1825 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ኢታር ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ሕመም ስለተያዘች አንዲት የባላባት ወገን ጻፈ። ከ60 ዓመታት በኋላ፣ በ1885፣ በፓሪስ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት የ9 ሕሙማንን ሁኔታ ዘርዝሮ አሳተመ። መምህሩ ሻርኮም ሕመሙን በተማሪው ስም ሰየመው። ቱሬት ራሱ ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ እንደሆነ ያምን ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ይህ ሐሳብ ተዘነጋ። በሃያኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ቲክ የታመቀ ስሜት መውጫ ነው የሚለው አስተሳሰብ ገነነ፤ ወቀሳውም በአስተዳደግና በወላጆች ላይ አረፈ። እንግዲህ ሕመምተኛውንና እናቱን መውቀስ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ የተማሩት አውሮፓውያንም አድርገውታል።

ሁኔታው መለወጥ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ሃሎፔሪዶል የተባለው መድኃኒት ቲክን እንደሚቀንስ ታወቀ። በ1968 አርተር ሻፒሮና ባለቤቱ ኢሌን ሻፒሮ ሕመሙ የአካል ሕመም ነው ብለው ተከራከሩ። መድኃኒቱ የሚሠራው ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ንጥረ ነገር ሥራ በመግታት ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ከአስተዳደግ ወደ አንጎል መለሱ።

መንትዮች የመሰከሩት

ሕመሙ የዘር ነው ወይስ የአስተዳደግ የሚለውን ለመለየት መንትዮችን ማወዳደር አንዱ መንገድ ነው። ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ከሁለት ዕንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ዓይነቶች በአንድ ቤት ያድጋሉ። በ1985 በ43 ጥንድ መንትዮች ላይ በወጣ ጥናት፣ ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት በ53 በመቶ ጥንዶች ሁለቱም ልጆች ቱሬት ሲኖርባቸው፣ ከሁለት ዕንቁላል በተገኙት ዘንድ ግን 8 በመቶ ብቻ ሆነ።

በስዊድን የሕዝብ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2015 የወጣው ጥናት ደግሞ ከ4,800 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ነው። በዚህም የሕመምተኛው ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ወደ 18 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በአንድ ቤት ማደግ ግን ለዚህ ያን ያህል አስተዋጽኦ አልነበረውም። ለወላጆች ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ የለም፦ ልጁን የታመመ ያደረገው አስተዳደጋችሁ አይደለም።

ዘረመሉን ፍለጋ

ፈረንጆቹ ዘረመልን «ጂን» ይሉታል። በእኛ ጆሮ ግን ይህ ቃል ሌላ ነገር ስለሚያስታውስ ዘረመል ማለቱን መርጫለሁ። ዘረመል ከእናትና ከአባት የምንወርሰው፣ አካላችን የሚገነባበት መመሪያ ነው።

በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአንድ ሕመምተኛ ልጅ 13ኛ ክሮሞዞም ላይ ባዩት መገለባበጥ ፍንጭነት ስሊትርክ-1 በተባለው ዘረመል ላይ ጉድለት አገኙ። ብዙዎች ምስጢሩ ተፈታ አሉ፤ በኋላ ግን ይህ የጥቂት ሰዎች ብቻ ምክንያት እንደሚሆን ታወቀ። በ2010 ደግሞ አንድ አባትና 8 ልጆቹ በሙሉ ሕመሙ ያለባቸው ቤተሰብ ተመረመረ። በሁሉም ላይ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ለማምረት የሚያስፈልገው ዘረመል ተበላሽቶ ተገኘ። ይህም በሌሎች ሕሙማን ዘንድ እምብዛም አይገኝም።

በ2017 የወጣ ጥናት፣ በወላጆች ላይ የሌለና በልጁ ላይ ብቻ አዲስ የተፈጠረ የዘረመል ለውጥ ከ100 ሕሙማን በ12ቱ ገደማ ድርሻ እንዳለው ገመተ። በ2019 ደግሞ የ4,819 ሕሙማን ዘረመል ከ9,488 ጤነኞች ጋር ተነጻጽሮ፣ ሕመሙ በአብዛኛው እያንዳንዳቸው እጅግ ጥቂት አስተዋጽኦ ካላቸው ብዙ ለውጦች ድምር የሚመጣ መሆኑ ተጠናከረ። በመሆኑም «የቱሬት ዘረመል» የሚባል አንድ ነገር የለም፤ በአንድ የደም ምርመራ የሚለይበት መንገድም የለም።

በአንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

በአንጎላችን ጥልቅ ክፍል ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የሕዋሳት ክምችቶች አሉ። ከአንጎል ቅርፊት ጋር እየተመላለሱ የትኛው እንቅስቃሴ ይለፍ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ይለያሉ። እንደ በር ጠባቂ ብንቆጥራቸው፣ በቱሬት ጊዜ ጠባቂው ሊያግደው የሚገባውን ያሳልፋል። በ2003 የወጣ የምስል ምርመራ ከዚህ ክፍል አንዱ በሕሙማን ላይ መጠኑ በጥቂቱ አንሶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ከሞቱ ሕሙማን አንጎል ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም በዚያው ሥፍራ እንቅስቃሴን ከሚገቱት ሕዋሳት አንዳንዶቹ ቁጥራቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ዘር ብቻ ነውን?

አይደለም። ዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት መንትዮች አንደኛው ሲታመም ሌላው ሁልጊዜ በታመመ ነበር። በእርግዝና ወቅት እናት ሲጋራ ማጨሷና ሕፃኑ አነስተኛ ክብደት ይዞ መወለዱ ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ተጠቅሰዋል። ስለ ጉሮሮ ሕመም ባክቴሪያም ብዙ ተብሏል። ይሁንና በአውሮፓ ከ700 በላይ ልጆችን ተከታትሎ በ2021 የወጣው ጥናት፣ አዲስ የባክቴሪያ ልክፍት ቲክን ያባብሳል የሚለውን አላረጋገጠም።

ወላጅና መምህር ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ ቅጣቱ ይቁም። ጭንቀት ቲክን ያብሳል፤ በቁጣ የተፈወሰ የለም። ብዙዎቹ ቀላል ቲክ ያለባቸው ልጆች መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። ልጁን የሚያሳምመው ወይም ከትምህርት የሚያዘገየው ከሆነ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ይየው። ቲክ ሊመጣ ሲል የሚሰማውን ስሜት ለይቶ በሌላ እንቅስቃሴ የመተካት ሥልጠና በ2010 126 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት ተሞክሮ ሥልጠናውን ካገኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አሻሽሏል። ትኩረት ማጣትና በሐሳብ መወጠር አብረው ስለሚመጡ እነሱም ይታዩ። መምህር ደግሞ ድምፁን እንዳልሰማ ሆኖ ይለፍ፤ ልጁ ሲጨንቀው ለጥቂት ደቂቃ እንዲወጣ ይፍቀድለት፤ የሚያሾፉበትን ይገሥጽ።

ለልጅ ዱዓ ማድረግ ከሐኪም አያስቀርም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም ከዱዓ አያስቀርም። ነገር ግን ጂን ይውጣ ተብሎ ልጅን መግረፍና በጭስ ማፈን የታመመን እንደገና ማሳመም ነው። በሶላት መሐል ድምፅ ስለሚያመልጠው ልጅም ዓሊሞችን እንጠይቅ እንጂ ከሶፉ አናባርረው።

ያ ተማሪዬ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የት እንዳለ አላውቅም። ባገኘው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አውፍ በለኝ። እናንተ ግን ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ ወይም በክፍላችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ዛሬውኑ ጠጋ ብላችሁ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። ወላሁ አዕለም።