ባለ ሁለት ሞተሯ ትንሽ ጀልባ

ጣና ላይ የሚንሳፈፈው ብዙ ነው። ከደንገል የምትታሰረው ታንኳ የሐይቁ መለያ ናት፤ ጎብኚ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚያመላልሱትን የቤንዚን ጀልባዎች ባሕር ዳርን የረገጠ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ጣናነሽ ፪ ደግሞ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ የአገር መነጋገሪያ ነበረች። ሁለት ክንድ የማትሞላው፣ በሪሞት የምትታዘዘው ባለ ባትሪ ጀልባ ግን የልጅ መጫወቻ ተብላ ትናቃለች። ንቀቱ አይገባትም። ጥልቀት መለኪያ ቢጫንባት ማንም ሳይሳፈር የሐይቅ ወለል ትለካለች፤ ጠርሙስ ቢጫንባት ሰው ሊገባበት ከማይመች ረግረግ የውኃ ናሙና ይዛ ትመለሳለች። በሌላው ዓለም ተመራማሪውም ዓሣ አጥማጁም ይገለገሉባታል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በሬዲዮ የሚያዝዛትን ባለ ባትሪ ጀልባ ገንዳ ላይ አንሳፍፎ አሳይቷል።

ስለ ሞተር ዓይነት ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ከአሮጌ መጫወቻ የሚነቀለው ዲናሞ ብሩሽ አለው፤ ብሩሹ ያልቃል። ብሩሽ አልባው ሦስት ሽቦ አለው፤ ዕድሜውም ጉልበቱም ይበልጣል። አቅም ከፈቀደ እሱ ይገዛ።

ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ሞተር ለፍጥነት ሲፈልገው ነው። ውኃ ለፈጣን ምሕረት የለውም፤ እንዲህ ያለች ጀልባ ፍጥነቷን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ያህል ጉልበት ትጠይቃለች። ስለዚህ ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው ፍጥነት ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የተጨመረው ክብደት የራሱን ይወስዳል። የሁለት ሞተር በረከቱ መዞር ላይ ነው። የታንኳ ቀዛፊን ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ታንኳ መሪ የላትም፤ ቀዛፊው በቀኝ በኩል ጠንከር አድርጎ ሲቀዝፍ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይሄዳል። ባለ ሁለት ሞተሯም እንዲሁ ናት፤ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲገፋ ባለችበት ትሽከረከራለች። መሪ ስለማያስፈልጋት ከፕሮፔለሮቹ በቀር ከሥሯ ተንጠልጥሎ ሣር የሚሰበስብ ነገር የለም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ለተዛመተበት ሐይቅ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የእምቦጩ ሥር አንዱን ፕሮፔለር አንቆ ቢይዘው እንኳ በሌላው እየተንገዳገደች ዳር ልትደርስ ትችላለች።

ሁለቱ ፕሮፔለሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢዞሩ መልካም ነው፤ አለዚያ ጀልባዋን ወደ አንድ ጎን ይጎትቷታል። ብሩሽ አልባውን ሞተር ለመገልበጥ ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል። ፕሮፔለሩ ግን አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ሆኖ መገዛት አለበት።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሌላም የማይነሣለት ውለታ አለው። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው። እዚህ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪኩ አየር አይተነፍስም፤ ባሕር ዳርም ጅቡቲም ጉልበቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ፕሮፔለሩ። አብዛኛው ጀማሪ መጀመሪያ ባትሪ ይገዛል፣ ቀጥሎ ሞተር፣ በመጨረሻ የተገኘውን ፕሮፔለር ይሰካል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሞተሩ ላይ የተጻፈው አምፔር የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚስበው መጠን አይደለም፤ የሚስበውን በአብዛኛው የሚወስነው ፕሮፔለሩ ነው። ቅርጹና ዙሩ ሳይቀየር ባለ 30 ሚሊ ሜትሩ ወጥቶ ባለ 40 ቢገባ በዓይን የሚታየው ልዩነት 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሞተሩ የሚጠየቀው ጉልበት ግን ከአራት እጥፍ ይበልጣል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ባትሪውን ይራገማል፤ ባትሪው ምን በወጣው!

ቮልትም ያታልላል። በሁለት ሴል፣ ማለትም በ7.4 ቮልት፣ 10 አምፔር ይስብ የነበረ ሞተር ያንኑ ፕሮፔለር እንደያዘ ሦስት ሴል፣ 11.1 ቮልት፣ ቢሰጠው ዙሩ አንድ ተኩል እጥፍ ለመሆን ይሞክራል። ጉልበቱ ሦስት እጥፍን ያልፋል፤ አምፔሩም ወደ 22 ይጠጋል። ባለ 15 አምፔር የፍጥነት መቆጣጠሪያ ገጥሞ «አንድ ሴል ብቻ እኮ ነው የጨመርኩት» የሚለው ሰው ጭስ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬቪ የሚባለውም ቁጥር የጉልበት መለኪያ አይደለም። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ለአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚሰጥ ነው የሚናገረው። ባለ 1,000 ኬቪ ሞተር በ11.1 ቮልት ባዶውን 11,100 ዙር ይዞራል። ትልቁን ቁጥር አሳድዶ የሚገዛ ሰው የእሽቅድምድም ሞተር ደንገል መሃል ሊልክ ነው። ለሥራ ጀልባ ዝቅ ያለ ኬቪ፣ ሰፋ ያለና ረጋ ብሎ የሚዞር ፕሮፔለር ይሻላል።

ይህ ከተወሰነ የባትሪው ነገር ሂሳብ ነው። ሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 8 አምፔር ቢስቡ 16 ይሆናል። ባለ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ 80 በመቶው ብቻ ከተነካ፣ 15 ደቂቃ ያስኬዳል። ከዚያ ከግማሽ የሚበልጠው ለመመለሻ ይቀመጥ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሣ መመለሻው ከመሄጃው ሊከብድ ይችላል።

ከአሮጌ ዩፒኤስ የሚወጣው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ በርካሽ ይገኛል፤ ክብደቱ ግን ሁለት ኪሎ ያልፋል። 7 የተባለውም በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲያልቅ ነው፤ 7 አምፔር ከተሳበበት አንድ ሰዓት አይቆይም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ከፖሊመሩ ይከብዳል፣ ነገር ግን ዕድሜው ረጅም ነው፣ በቀላሉም አይቀጣጠልም። ክብደት ለአውሮፕላን ዕዳ ነው፤ ለጀልባ ግን ወለሏ ላይ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ማረጋጊያዋ ይሆናል።

ለየሞተሩ የየራሱን ባትሪ መስጠት ብልህነት ይመስላል። አንዱ ቀድሞ ሲደክም ግን ጀልባዋ ወደ ደከመው ጎን መዞር ትጀምራለች። ሁለቱን ባትሪዎች በፓራለል አያይዞ ለሁለቱም ሞተሮች ማካፈል ይሻላል። ከመያያዛቸው በፊት ቮልታቸው በመለኪያ ይታይ፤ አንዱ ሙሉ ሌላው ባዶ ከሆነ ሙሉው በባዶው ላይ በአንድ ጊዜ ይደፋበታል፣ ሽቦም ሴልም ይግላል። ሁለት የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች አንድ ሪሲቨር ላይ ሲሰኩም ሁለቱም ኃይል የሚያቀብሉ ዓይነት ከሆኑ የአንዱ ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ ይነቀል፤ ነጻ ጫፉ በናስትሮ ይጠቅለል።

ባትሪው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል የሚታሰብ ከሆነ ዘመድን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚሳፈረው በእጅ ሻንጣ እንጂ በዕቃ ማስጫኛው አይደለም፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው። ከላይ የተነሣው ባለ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ሦስት ሴል ቢሆን 55.5 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል። ጫፎቹ ግን ከሻንጣው ከመግባታቸው በፊት መሸፈን አለባቸው።