ደም ያልታየበት ቀዳዳ

ጅቡቲ፣ ባልባላ ፒኬ 12 ላይ ከመኪናቸው ወርደው ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮቻችን ማደንዘዣ ሰጪ መሆኔን ሲሰሙ የሚያነሱልኝ የወገባቸውን ነገር ነው። በቀደም አንዱ ሸሚዙን ገልቦ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጠባሳ አሳየን። «በዚች ብቻ ዲስኩን አወጡልኝ፤ በማግስቱ ተነስቼ ሄድኩ» አለ። እውነቱን ነው። ፎሊና ስሚዝ በ1997 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የቱቦ ዘዴ ጡንቻውን ሳይቆርጥ ገለል እያደረገ ስለሚገባ ሕመምተኛው ቶሎ ይነሳል።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ጠባሳ ሳይ ትዝ የሚለኝ ሌላ ሾፌር ነው። በሆዱ ተኝቷል፤ የሚወጣው በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ነው። ሐኪሙ በመቆንጠጫ እየለቀመ ሳለ ግፊቱ ከ120 ወደ 80 ወረደ፤ የልብ ምቱ 126 ገባ።

«ደም አለ?» አልኩ።

«ምንም፤ ደረቅ ነው።»

ግፊት የሚያነሳውን ኢፌድሪን ሰጠሁ። ግፊቱ ከፍ ብሎ መልሶ ወረደ። ደገምኩ። ያ ሁለተኛው መርፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዲስኩ ፊት፣ በሆድ በኩል፣ ወደ እግር የሚወርዱት ትልልቅ ደም ስሮች አሉ። መቆንጠጫው የዲስኩን የፊት ግድግዳ ካለፈ ይበሳቸዋል፤ ደሙ ግን ብዙ ጊዜ በቱቦው አይመጣም፣ ከሆድ ዕቃ ጀርባ ይጠራቀማል። ሊንተንና ዋይት ይህን ጉዳት በ1945 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ እኔም አንብቤው ነበር። ቢሆንም «ደረቅ ነው» የሚለውን ቃል ከስክሪኑ አስበልጬ አመንኩ። በጠባብ ቱቦ የሚያይ ሐኪም ደሙን ሊያይ እንደማይችል ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻ «አቁሙ፣ እንገልብጠው» አልኩ። በጀርባው ሲዞር ሆዱ ተነፍቶ ነበር። ሆዱ ተከፈተ፤ የግራው ደም ስር በጣት ተጨምቆ ተያዘ፣ ደም እየሰጠን ተሰፋ። ሰውየው ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛውን የምንገለብጥበት ወሳንሳ ከበሩ አጠገብ ሳይቆም፣ የሚስማማው ደም ፍሪጅ ውስጥ ሳይገባ፣ ሆድ የሚከፍተው ሐኪም ቅርብ መሆኑን በስልክ ሳላረጋግጥ ማደንዘዣ አልጀምርም።

ከሻይ ጠጪዎቹ አንዱ ቀጠሮ ይዟል። «ታዲያ ምን ልጠይቃቸው ዶክተር?» አለኝ።

«አስፈላጊ ቢሆን ሆዴን የሚከፍተው ማን ነው በላቸው» አልኩት።

«ወገቤን አይደል እንዴ የሚሠሩኝ?» ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።