የፓፓያ ፆታና የዘሩ ንጽሕና

ፓፓያ በአብዛኛው የሚራባው በዘር ሲሆን፣ አምራቹን ከሁሉ በላይ የሚፈትነውም ከዚሁ የሚመነጨው የፆታ ጉዳይ ነው። ተክሉ ወንዴ፣ ሴቴ ወይም ፍናፍንት፣ ማለትም የወንዴንና የሴቴን አካል በአንድ አበባ የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ችግኙ እስኪያብብ ድረስ ፆታው በዓይን አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ 3 ያህል ችግኞች ይተከሉና አበባ ሲታይ፣ ያለ ሌላ ተክል እርዳታ ፍሬ የሚይዘው ፍናፍንቱ ቀርቶ ሌሎቹ ይነቀላሉ።

ፍናፍንት አበባ በራሱ ብናኝ ሲራባ ከሚገኘው ዘር በአማካይ 2 እጁ ፍናፍንት፣ 1 እጁ ሴቴ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ አምራች አበባውን ሳይፈካ በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ፣ ነፍሳት ከጎረቤት ማሳ ባዕድ ብናኝ እንዳያመጡበት በመከላከል የዝርያውን ጥራት ለዓመታት ማቆየት ይችላል፤ ከገበያ በተገዛ ፍሬ ዘር ማሳ መጀመር ግን፣ እጅግ የተለመደ ቢሆንም፣ አባቱ ባልታወቀ ዘር ላይ ድካምን ማፍሰስ ነው። ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ሽፋንም ብቅለትን ስለሚያዘገይ በውኃ ታሽቶ መወገድ አለበት።

አበባን መሸፈን ግን ለሁሉም ዝርያ አይበቃም። በሃዋይ የፑና እርሻዎችን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወደመው፣ ክሽክሽ በተባሉ ጥቃቅን ተባዮች የሚተላለፈው የፓፓያ የቀለበት ነጠብጣብ ቫይረስ የተገታው፣ የቫይረሱ የዘረ መል ቅንጣት በገባላቸውና በ1998 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎች በተሠራጩ ዝርያዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሬይንቦ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ በመሆኑ፣ ከፍሬው የሚወጣው ዘር የወላጁን ጠባይ ሳይለውጥ አያስተላልፍም።