ጠበቃ ሳያቆም የሚከራከር ተከሳሽ ከፍርድ በፊት ስለሚያቀርበው አቤቱታ

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ሳያቆም ራሱ ሊከራከር ይችላል። ይህን መብት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 ፋሬታ በተባለ ተከሳሽ ነገር አጽንቶታል። እንዲህ ያለው ተከሳሽ ዳኛው የማይስማማውን ብይን በሰጠ ቁጥር፣ ዋናው ነገር ሳይፈረድ፣ ወደ በላይ ፍርድ ቤት አቤት ይላል። በደል የተሰማው ሰው እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት ይል በነበረበት አገር ለተወለደ ተማሪ ይህ የሚያስገርም አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ግን በሩን አጥብቦታል።

ደንቡ ይግባኝ የሚባለው ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ነው የሚል ነው፤ በወንጀል ነገር ይህ ማለት ቅጣቱ ከተወሰነ በኋላ ነው። ከዚህ የሚወጡት፣ ቆይቶ ሊታረም የማይችል ጉዳት ያለባቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። የዋስትናው ገንዘብ ከመጠን በላይ ነው የሚል አቤቱታ በ1951፣ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ልከሰስ አይገባም የሚል በ1977፣ ያለ ፈቃዴ መድኃኒት ልሰጥ አይገባም የሚል በ2003 ተፈቅዷል። ተገቢ ያልሆነ ማስረጃ ተቀበሉብኝ የሚለው ግን ይቈያል፤ ፍርዱ ኋላ ሊሻር ይችላልና።

ይግባኙ ሲዘጋበት ተከሳሹ ማንዳመስ ወደሚባለው ትእዛዝ ይዞራል። ይህ የበላይ ፍርድ ቤት የበታቹን ዳኛ ግዴታውን እንዲፈጽም የሚያዝበት መንገድ ሲሆን፣ ሥሩ በ1789 የወጣው የፍርድ ቤቶች ሕግ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 እንዳስረዳው፣ ጠያቂው ሌላ በቂ መንገድ የሌለው፣ መብቱም የማያከራክር መሆን አለበት፤ ይህም ሆኖ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ ተገቢ ነው ብሎ ሊያምን ያስፈልጋል። እንግዲህ የተከለከለውን ይግባኝ ስሙን ለውጦ ማቅረብ አይጠቅምም። ጠበቃ የሌለው ሰው ጽሑፍ በርኅራኄ እንዲነበብ በ1972 ተወስኗል፤ ርኅራኄው ግን ለአጻጻፉ እንጂ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን አይደለም። ዳኛው የቀረበለትን ጥያቄ ያለ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሳይበይን ቢያቈየው ማንዳመስ በእርግጥ ይጠቅማል። ያን ጊዜም የሚታዘዘው እንዲበይን ነው፤ እንዲህ ብለህ በይን አይባልም።

ከሁሉ የሚከፋው የጊዜው ነገር ነው። በ1974 የወጣው ሕግ ክርክሩ በ70 ቀን ውስጥ እንዲጀመር ያዛል፤ ነገር ግን በመካከል የቀረበ ይግባኝ የሚወስደው ጊዜ ከዚህ አይቈጠርም። ክርክሬ ዘገየ ብሎ ከፍርድ በፊት ይግባኝ ማለት እንደማይቻል ደግሞ በ1978 ተወስኗል። ስለዚህ ወህኒ ቤት ያለው ሰው ስለ መዘግየቱ ይግባኝ ቢል፣ ወረቀቱ ይመለስበታል፣ የጠበቀባቸው ቀኖችም ሳይቈጠሩ ይቀራሉ። ጠበቃ ይህን በአንድ ቃል ይነግረው ነበር፤ ዳኛ ግን ለተከሳሽ ምክር የመስጠት ግዴታ የለበትም። የሚበጀው ተቃውሞውን በመዝገብ አስጽፎ ለኋላው ይግባኝ ማቈየት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 184 ስለ ቀጠሮና ስለ ማስረጃ በመካከል ይግባኝ እንዳይባል ከልክሎ፣ ተከሳሹ ሲፈረድበት ነጥቡን እንዲያነሣ ፈቅዷል። ዋስትና የተከለከለ ሰው ግን በቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ሊያመለክት ይችላል።